ተከዜ የት ላይ ነው ሰቲት የሚሆነው? አትባራስ?

ካርታ_ሠሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለሰፈራችን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ የወንዞች ካርታ እየሠራሁ ነው። ስሞቹ በሙሉ በአማርኛ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ፤ ትክክልም እንዲሆኑ። ዓባይ ብዙም አላስቸገረኝም። የቸገረኝ ተከዜ ነው።

ከላስታ ይነሳል፣ የሰሜን ተራሮችን በምሥራቅ በኩል ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ካርታ ይስማማል። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ካርታ እስከ ሱዳን ድረስ ተከዜ ይለዋል፣ ሌላው ሑመራ ሳይደርስ ሰቲት ብሎ ይጽፋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሱዳን ውስጥ አትባራ የሚባል ወንዝ ያሳይና መስመሩን ወደ ጎንደር በኩል ነው የሚወስደው እንጂ ወደ ተከዜ አይደለም። ታዲያ አትባራ ተከዜ ነው ወይስ ሌላ ወንዝ? ስሙ የሚቀየረው ድንበሩ ላይ ነው? በዚህ በኩል ተከዜ፣ በዚያ በኩል ሰቲት ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል?

ባሮና ገናሌ ላይም ተመሳሳይ ጥያቄ አለኝ። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ።

የቆላ_ልጅ፦

እህቴ፣ በድንበር አትቁረጪው። እኔ ያደግሁት ሑመራ ነው። ወንዙ ከከተማው ሥር ነው የሚያልፈው። ማዶው ኡምሐጀር ነው፣ ኤርትራ። ትንሽ ወደ ታች ከወረድሽ ደግሞ ሐምዳይት አለች፣ እሷ ሱዳን ናት። ሦስት አገር በአንድ ወንዝ ዙሪያ ማለት ነው።

በእኛ በኩል ሰው ተከዜም ይላል፣ ሰቲትም ይላል። ከተማው ራሱ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሰቲት ሑመራ ሲባል ነው የኖረው። እንግዲህ ሰቲት የውጭ ሰው ስም ቢሆን ኖሮ በዚህኛው ዳር ያለ ከተማ እንዴት ይጠራበታል? ስሙ የሚለወጠው ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲዘረጋ ነው። ላይ በገደሉ ውስጥ እያለ ተከዜ ነው፣ ሌላ ስም የሚሰጠው የለም። ቆላው ላይ ሲደርስ ሰቲት ይሆናል። ድንበሩ ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ጡረተኛ_መምህር፦

የቆላው ልጅ በደንብ አስረድቷል። እኔ ጂኦግራፊ ብዙ ዘመን አስተምሬያለሁና የአትባራውን ነገር ልጨምር። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አትባራ በሱዳን ምድር የሦስት ወንዞች ድምር ነው፣ ሦስቱም ከእኛ ነው የሚሄዱት። አንዱ ጓንግ ነው። ከጎንደር በስተምዕራብ፣ በጭልጋ በኩል ተነስቶ በመተማ አቅጣጫ ወደ ሱዳን ይገባል። ካርታ ሠሪዎች አትባራ የሚሉት ይህንን መስመር ነው፤ ያየሽው ሦስተኛ ካርታ አልተሳሳተም። ሁለተኛው አንገረብ ነው፣ ሱዳኖች ባሕር አል ሰላም ይሉታል። ሦስተኛው ተከዜ፣ ማለትም ሰቲት ነው። ሱዳን ሰቲትና አትባራ ሊገናኙ ትንሽ ሲቀራቸው ቡርዳናና ሩሜላ የሚባሉ መንትያ ግድቦች ሠርታለች፣ አንዱ በሰቲት ላይ፣ ሌላው በላይኛው አትባራ ላይ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ኻሽም ኤል ጊርባ አለ። በ1964 ነው የተጠናቀቀው፤ የአስዋን ግድብ ውሃ ከወረሰው ከዋዲ ሐልፋ የተፈናቀሉትን ኑቢያውያን ለማስፈር ተብሎ። በደለል ክፉኛ ተጎድቷል፣ ደለሉም የእኛው አፈር ነው። ከዚያ ወንዙ አትባራ ከተማ ላይ ዓባይን ይቀላቀላል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሜዲትራኒያን ድረስ አንድም ገባር የለም፣ የመጨረሻው እሱ ነው። በክረምት እየደፈረሰ ይሞላል፣ በበጋ አብዛኛው ክፍል ደርቆ ኩሬ ኩሬ ብቻ ይቀራል።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። ከጓንግና ከተከዜ ዋናው ግንድ የትኛው ነው? በርዝመት ከሄድን ተከዜ ከጓንግ በጣም ይረዝማል። እንግዲህ በሥርዓቱ ቢሆን አትባራ የሚለው ስም ወደ ላይ ሲወጣ ተከዜን መከተል ነበረበት። ያልተከተለው ስሙን የሰጡት ከታች ወደ ላይ የወጡ ሰዎች ስለሆኑ ነው። ሳሙኤል ቤከር የሚባለው እንግሊዛዊ በ1861 እና በ1862 እነዚህን ወንዞች እየተከተለ ሲዞር አትባራና ሰቲት ብሎ ለይቶ ነው የመዘገባቸው። ከታች የሚመጣ ሰው መገንጠያ ላይ ሲደርስ አንዱን ክንድ በያዘው ስም ይቀጥላል፣ ለሌላው ደግሞ አዲስ ስም ከአካባቢው ሰው ይጠይቃል። ከላይ የሚወርድ ሰው ቢሰይመው ኖሮ ሌላ ካርታ ነበር የሚኖረን።

የራስጌ_ሰው፦

መምህር፣ ይህን ካሉ ታዲያ ለምን በግልጽ አንጽፈውም? ተከዜ እስከ ዓባይ ድረስ ተከዜ ይባል። ወንዙ የእኛ፣ ውሃው የእኛ፣ ደለሉ እንኳ የእኛ። ስሙን ግን ቤከር ይስጠው? ካርታው ለኢትዮጵያ ልጆች እኮ ነው። ልጅ ሆነን ብሉ ናይል ሲሉን ሌላ አገር ያለ ወንዝ ይመስለን ነበር። እኔ ብሆን አትባራ የሚለውን ቃል ጭራሽ ካርታው ላይ አላሳርፈውም።

ጡረተኛ_መምህር፦

ልጄ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። ለሐሳብህም አንድ ጠንካራ ማስረጃ ልስጥህ። የአክሱሙ ኢዛና በአራተኛው መቶ ዘመን ኖባዎችን ስለ ወጋበት ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ተከዜን ይጠቅሳል፣ ከዚያም ሴዳ የሚባል ወንዝ ከተከዜ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይጠቅሳል። ያ ዘመቻ የተደረገው ታች፣ ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር ነው። ስለዚህ ለአክሱም ሰዎች ተከዜ የሚለው ስም ሑመራ ላይ አያቆምም ነበር፣ ወንዙን ይዞ ሩቅ ይወርድ ነበር። በግዕዝ ተከዚ ማለት ወንዝ ማለት መሆኑንም አትርሳ።

ግን ተቃራኒውም አለ። ከኢዛና በፊት በአዱሊስ በግሪክኛ በተቀረጸ ሌላ የንጉሥ ጽሑፍ ላይ የሰሜን (የጎንደሩ ሰሜን) ሕዝብ በረዶ ባለበት ተራራ፣ ከዓባይ ማዶ እንደሚኖር ተጽፏል። ከአክሱም ወደ ሰሜን ተራራ ስትሄድ የምትሻገረው ተከዜን ነው። እዚያ ጽሑፍ ላይ ግን ተከዜ ናይል ተብሏል፣ ያውም በእኛው ንጉሥ ድንጋይ ላይ። እንግዲህ ጥንትም ቢሆን አንድ ስም ብቻ አልነበረም።

ደግሞ አትባራን ስሙን የሰጠው ቤከር አይደለም። ቤከር የሰማውን ነው የጻፈው። በዳሩ የሚኖረው ሰው፣ ከብቱን የሚያጠጣበት፣ የሚያርስበት ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እሱንም ከካርታ መፋቅ አይገባም።

ወረቀት_አገላባጭ፦

የስም ነገር ለግድግዳ ካርታ ብቻ የሚያስጨንቅ አይደለም። ሰው የሞተበት ጉዳይ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ግንቦት 15 ቀን 1902፣ ይህም ሌሎቹም ዓመቶቼ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ተወካይ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የሱዳንን ድንበር ውል ፈረሙ። አንቀጽ ሦስት ምኒልክ ያለ ስምምነት ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ ያስገባቸዋል፣ የት የት ላይ? በጥቁር ዓባይ፣ በጣና እና በሶባት። ተከዜ የለበትም። አትባራም የለበትም። ሶባት ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ወንዝ አይደለም፣ ስሙ የሚጀምረው ባሮ ከፒቦር ጋር ከተገናኘ በኋላ ነው። የራስጌውን አገር የሚያስገድድ ውል በግርጌው ስም ተጻፈ። አትባራ የሚለው ስም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1891 እንግሊዝና ጣሊያን ለሁለት በተፈራረሙት ወረቀት ላይ አለ፤ ጣሊያን በአትባራ ላይ ፍሰቱን የሚለውጥ የመስኖ ሥራ ላትሠራ ቃል የገባችበት ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ፊርማ ውስጥ የለችም።

በዚያው በ1902፣ በዚያው ቀን፣ ጣሊያንንም የሚመለከት ተጨማሪ ሰነድ ተፈረመ። የኤርትራ ድንበር ከኡምሐጀር በኩል ሰቲትን ይዞ ወደ ላይ እንዲወጣ፣ ከማይቴብ ጋር ሲገናኝ ማይቴብን እንዲከተል፣ ከዚያም መረብ ከማይ አምበሳ ወደሚገናኝበት እንዲሄድ ይላል። ቀላል ይመስላል። ችግሩ ማይቴብ የትኛው ነው የሚለው ነው። በዚህ ስም በአንዳንድ ካርታ ላይ የሚታየው ጅረት በጣም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኡምሐጀር የቀረበ ነው። ውሉ ሲፈረም በሥራ ላይ የነበረው ካርታ ደግሞ ማይቴብን ወደ ምሥራቅ አርቆ ነው ያስቀመጠው። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት ትንሽ አይደለም። ባድመ የምትባለው ስም ዓለም ሁሉ የሰማት በዚህኛው የድንበር ክፍል የተነሳ ነው።

ኢትዮጵያና ኤርትራ ከ1998 እስከ 2000 ተዋጉ፣ አልጀርስ ላይ ተፈራረሙ፣ ጉዳዩ በኤሊሁ ላውተርፓክት ሰብሳቢነት ወደ ተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ሄደ። ኮሚሽኑ በ2002 ውሳኔውን ሲሰጥ ብዙ ገጽ የፈጀው የወንዝ ስም ሲያጣራ ነው። መጨረሻ ላይ መስመሩን ከሰቲት ያነሳው ማይቴብ ላይ ሳይሆን ቶምሳ ከሚባለው ጅረት መገናኛ ላይ ነው። በመካከለኛው ክፍልም እንዲሁ። ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተፈራረሙት የ1900 ውል መረብ፣ በለሳ፣ ሙና ብሎ ነው የሚዘረዝረው፣ መሬት ላይ ሲወርዱ ግን በለሳ ሁለት ክንድ ሆኖ ተገኘ፣ ኮሚሽኑም በለሳ ሀ እና በለሳ ለ እንደማለት ለይቶ ሊጠራቸው ግድ ሆነበት። ሮምና ለንደን ሆነው ካርታ ያነበቡ ሰዎች የዳሩን ሰው ጠርተው ይህ ጅረት ማን ይባላል ብለው ቢጠይቁ ኖሮ የሚቀንስ ጣጣ ነበር።

እህቴ፣ መረብንም አትዝለይው። ኤርትራ ውስጥ ከአስመራ ደቡብ ይነሳል፣ ድንበር ይሆናል፣ ወደ ታች ሲወርድ ጋሽ ይባላል፣ ከሰላ ላይ ሱዳን ገብቶ አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ዓባይ አይደርስም። ብዙ የቆዩ የትምህርት ቤት ካርታዎች ከአትባራ ጋር አገናኝተው ይስሉታል፤ እንደዚያ እንዳትስይው።

ባሮ_ዳር፦

ሶባት ስለተነሳ እኔም ልግባ። ጋምቤላ ነኝ።

ባሮ ከላይ ከኢሉባቦር ደጋ ብርብርና ገባ ተገናኝተው የሚሠሩት ወንዝ ነው። ባሮ የምንለው በአማርኛ ነው፣ አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። ካርታሽ ላይ ኦፔኖን ከባሮ ሥር ብትጽፊው ደስ ይለኛል፣ በዳሩ የሚኖረው ሕዝብ ስም ነውና። ወደ ታች ኢታንግን አልፎ ጅካዎ አካባቢ ሲደርስ ድንበር ይሆናል። እዚያ ላይ ድንበሩ ወንዙን አያቋርጠውም፣ አብሮት ነው የሚሄደው። ከፒቦር ጋር ሲገናኙ ድንበሩ ፒቦርን ይዞ ወደ ላይ ይመለስና በአኮቦ በኩል ይወጣል። ውሃው ግን ሶባት ተብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ስለዚህ ባሮ ሶባት የሚሆነው ደቡብ ሱዳን ስለገባ ሳይሆን ፒቦር ስለተጨመረበት ነው። የሁለት ወንዝ ድምር አዲስ ስም ቢይዝ ምን ይገርማል?

ያ የ1902 ውል እኛንም ነክቶናል። ለእንግሊዞች በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ ወንዙን ይዞ ከ2000 ሜትር ያልበለጠ፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተሰጠ። ጣቢያው የተሠራው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። በክረምት ውሃው ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም እየመጣ ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ቦታው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ነው። ካርታሽ ላይ ትንሽ ጀልባ ብትስይበት ልጆቹ ይወዱታል።

ከአሽዶድ፦

እኔ የምጽፈው ከእስራኤል ነው። ወላጆቼ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ከጎንደር ገጠር በእግር ወደ ሱዳን ከተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ናቸው። ኡም ራኩባ መጠለያ ነበሩ። እናቴ ስለ መንገዱ ስታወራ ጓንግ ትላለች። ሌሊት ስለተሻገሩት፣ ልጅ አዝለው ስለገቡበት። እዚህ ያደግን ልጆች ግን ጓንግን ካርታ ላይ ፈልገን አናገኘውም፣ የምናገኘው አትባራ ነው፣ እሷ ደግሞ አትባራ ስንላት የት እንደሆነ አይገባትም። በሌላ አቅጣጫ የመጡ ቤተሰቦች ደግሞ አንገረብን፣ ተከዜን ያነሳሉ። መምህሩ ጓንግ የአትባራ ላይኛው ክፍል ነው ሲሉ ሳነብ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። አንድ ወንዝ ነው አልኳት።

ካርታ_ሠሪዋ እባክሽ ጓንግን ጻፊው። በትንሽ ፊደልም ቢሆን።

ጎዴ_በኩል፦

የደቡብ ምሥራቁን በአጭሩ። ዋቢ ሸበሌ ስሙን አይቀይርም። ጎዴ፣ ቀላፎ፣ ሙስታሒል፣ ከዚያ ድንበሩን አልፎ በለደወይን፣ እዚያም ሸበሌ ነው። በሁለቱም በኩል ያለው ሕዝብ አንድ ሶማሌ ስለሆነ ስሙን የሚቀይር የለም። ሞቃዲሾ አጠገብ ሲደርስ ወደ ባሕር ከመግባት ይልቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል፣ ዳርቻውን ይዞ ይሄድና ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይጠፋል። የጁባን ወንዝ የሚያገኘው ውሃው ከመጠን በላይ በሞላበት ዓመት ነው።

ገናሌ ግን ዶሎ ላይ ነው ነገሩ። ገናሌና ዳዋ የሚገናኙት ዶሎ ነው፣ ዶሎ ደግሞ ድንበሩ ላይ ናት፣ ከዚያ ጁባ ይሆናል፣ ኪስማዩ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ሰው ይህን አይቶ ድንበሩ ስሙን ቀየረው ይላል። መገናኛውና ድንበሩ አንድ ቦታ ላይ ስለዋሉ ነው እንጂ። ሶማሌዎች ጁባን ጋናኔም ይሉታል፤ ሉቅ ከተማ ሉቅ ጋናኔ ስትባል ነው የኖረችው። ዳዋ ደግሞ ዶሎ ከመድረሱ በፊት ከኬንያ ጋር ድንበር ነው፣ ማንዴራ በዚያ በኩል ናት፣ ስሙ ግን ያው ዳዋ ነው።

የራስጌ_ሰው፦

ሁሉንም አነበብኩ። ከአሽዶድ የጻፍሽው እህቴ፣ የእናትሽ ነገር ልቤን ነካው። አትባራ ይፋቅ ያልኩትን ትቻለሁ። ግን አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ፣ የፊደሉ መጠን። ጓንግ በትንሽ ፊደል ሳይሆን ከአትባራ እኩል ይጻፍ። ልጅ መጀመሪያ የሚያነበው ትልቁን ነው።

ካርታ_ሠሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ይህን ያህል አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

እንዲህ ላደርግ ነው። የድንበሩን መስመር በቀጭኑ እስለዋለሁ፣ ስሞቹ ግን በወንዙ ላይ በየሚነገሩበት ቦታ ይቀመጣሉ። ተከዜ በገደሉ ሁሉ፣ ሰቲት ከሑመራ ከፍ ካለው ሜዳ ጀምሮ እስከ መገናኛው። ጓንግና አትባራ በአንድ መስመር ላይ፣ በእኩል ፊደል። ባሮ ከሥሩ ኦፔኖ። ዶሎ ላይና የፒቦር መገናኛ ላይ ክብ ነጥብ አደርጋለሁ፣ ስሙ የሚለወጥበት ቦታ እንዲታይ። መረብን አሸዋ ውስጥ አስቀረዋለሁ። የተከዜ ግድብንም እጨምራለሁ፣ 188 ሜትር ከፍታ እንዳለው ልጆቹ ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ቀረኝ። አንገረብን ሁለት ቦታ ነው የማገኘው። አንዱ ወደ ሱዳን ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ጣና ይወርዳል። የትኛውን ልያዝ?

ጡረተኛ_መምህር፦

ሁለቱንም ያዢ ልጄ፣ ሁለት ወንዞች ናቸው። ትንሹ አንገረብ ጎንደር ከተማ አጠገብ ያለው ነው፣ ከተማው የሚጠጣው ውሃ የተገደበበት። እሱ መገጭን ተቀላቅሎ ጣና ይገባል፣ በጣና በኩል ዓባይ ይሆናል። ትልቁ አንገረብ ከጎንደር በስተሰሜን ተነስቶ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፣ ባሕር አል ሰላም የሚባለው እሱ ነው። ሁለቱ ተመልሰው የሚገናኙት አትባራ ከተማ ላይ ነው፣ አንዱ በዓባይ፣ አንዱ በአትባራ መጥተው። ካርታሽ እስከዚያ ድረስ ወደ ሰሜን የሚደርስ ከሆነ በሁለት ቀለም ቀቢያቸው።